ሃንድ ሁሉ እጅ አይደለም

«ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ኃላፊው ‹ዊ አር ሾርት ሃንድድ› ሲለኝ፣ እጅ ካጠራቸውማ ደመወዝም አይከፍሉኝ ብዬ ተውኩት» ይላል አንድ የደረሰኝ ደብዳቤ።

ወንድሜ፣ ሰውዬው እኮ «ሠራተኛ አንሶናል» ነው ያለህ!

እኛ እጅ አጠረን ስንል የኪሳችንን ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግን ሠራተኛውንም ሃንድ ይለዋል። «ኦልድ ሃንድ» ቢሉህ ያረጀ እጅ ሳይሆን ልምድ ያለው ሰው ማለታቸው ነው። «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ከተባልክ አግዝ፤ እጅ ስጥ መስሎህ ሁለት እጅህን ወደ ላይ እንዳታነሳ! መድረክ ላይ «ቢግ ሃንድ» ሲባል ደግሞ አጨብጭብ። የሰዓት ቆጣሪውም፣ ካርታ ተጫዋቹ የያዘው ካርታም ሃንድ ነው። የፈረስ ቁመት እንኳ በሃንድ ይለካል፤ አንዱ 4 ኢንች ነው።

የምንገናኝበትም አለ፤ «ሃንድ ቱ ማውዝ» ያው የኛው ከእጅ ወደ አፍ ነው።

ምክሬ አጭር ናት፦ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከነጎረቤቶቹ አጥና። ካልገባህ «ምን ማለትዎ ነው?» በል። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚከፋው እንጀራ ማጣት ነው። አንተም ነገውኑ ሂድና ጠይቃቸው፤ ቦታው ካልተያዘ እሰየው!