ይድረስ ለኢ. ኮላይ

በያለሽበት ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የአንጀቴን ነገር ግን፣ እዚያ የምትኖሪ ባክቴሪያ ነሽና፣ ከእኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ስምሽ በደግ አይነሳም። የጉድጓድ ውኃ ተመርምሮ አንቺ ከተገኘሽበት «ዐይነ ምድር ገብቶበታል፣ እንዳትጠጡ» ይባላል። ልክም ነው። ከዘመዶችሽ መካከል ሕፃናትን በተቅማጥ የሚገድሉ ስላሉ በዚህ አልሟገትልሽም። የማመሰግንሽ ስለ ሰማያዊው ቀለም ነው።

የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ በ1897 (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ እቆጥርልሻለሁ) ኢንዲጎ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በሰው ሠራሽ መልክ ለገበያ አቀረበ፤ ዛሬ የጂንስ ሱሪ ሰማያዊ በአብዛኛው የሚመጣው ከነዳጅ ዘይት ነው። ቀለሙ በውኃ ስለማይሟሟ ማቅለሚያ ቤቶች ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት ይጨምሩበታል፤ ውኃው ተጠቅመውበት ሲያበቁ መድረሻው በአብዛኛው ወንዝ ነው። ጮቄ ተራራ የሚያፈልቀው ሁሉ አባይ ለሚገባበት ለጎጃም ሰው ደግሞ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ባሕር ዳርም ከ1961 ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት።

በ1983 የአሜሪካው አምጀን ኩባንያ ተመራማሪ በርት ኤንስሊና ባልደረቦቹ ሱዶሞናስ ከተባለች የአፈር ባክቴሪያ ዘረ መል ወስደው ሰጡሽ። ፍለጋቸው ለቀለም አልነበረም፤ ናፍታሊን የሚሰባበርበትን መንገድ እያጠኑ ነበር። አንቺ ግን ሰማያዊ ሆነሽ ጠበቅሻቸው! ነገሩ ሲጣራ፣ ትሪፕቶፋን ከሚባለው የፕሮቲን ቅንጣት ድሮም ኢንዶል ታወጪ ኖሯል። በይቅርታ ይሁንና ከዐይነ ምድር ሽታ አንዱ ይኸው ኢንዶል ነው፤ በጥቂቱ ሲሆን ደግሞ በጃስሚን አበባ መዓዛ ውስጥም ይገኛል። አዲሱ ኢንዛይም ኦክስጅን ሲያክልበት፣ አየሩ ቀሪውን ጨርሶ ኢንዲጎ አደረገው። ማን ያስብ ነበር?

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የጆን ዱበር ቡድን በ2018 አንድ እርምጃ ጨመረልሽ። ከጃፓን የኢንዲጎ ተክል በተወሰደ ዘረ መል፣ ቀለም ሊሆን የተቃረበውን ነገር ስኳር አስረሽበት እንዲሟሟ አደረግሽ። ጨርቁ ላይ ሲደርስ ሌላ ኢንዛይም ስኳሩን ይቆርጠዋል፤ ሰማያዊውም እዚያው ድሩ ውስጥ ይወለዳል። ሃይድሮሰልፋይቱ አላስፈለገም። ለእኔ ትልቁ ውለታሽ ይህ ነው።

የእኛ ቁም ጸሐፊዎችም ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ቀምመው ወራት ያብላሉታል፤ ስለዚህ እንደ አንቺው በጋን የሚብላላ ቀለም ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ከጋኑ እንዳታመልጪ ለሚሰጉም አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ በብዛት የምትሠራው እህትሽ ኬ-12 ናት፤ በ1922 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ በሽተኛ ዐይነ ምድር የተገኘች። ከዚያ ወዲህ በብርጭቆ ዕቃ ስትቀማጠል ኖራ በሰው አንጀት መሰንበት ከብዷታል።

ቅር የሚለኝ ዋጋሽ ነው። ከነዳጅ ዘይቱ ኢንዲጎ ጋር ለመፎካከር ገና ነሽ። ስኳር ትበያለሽ፣ ስኳር ደግሞ እኛ ዘንድ ለሻይም ተወዷል። ግን ከአገዳና ከገለባ የሚወጣውን ዛይሎስ የተባለ ስኳር መብላትም ታውቂበታለሽ። እንግዲያው የጤፉን ጭድ ለከብቶቹ ተዪላቸው፤ በበቆሎው አገዳ ላይ እንስማማለን።

አክባሪሽ