ባሕር ወንበር ሲባል

በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በረራዬን ስጠብቅ አንድ የግሪክ ፊልም ትዝ አለኝ፤ የዮርጎስ ላንቲሞስ «የውሻ ክራንቻ» (እ.ኤ.አ. 2009)። ወላጆች ሦስት ያደጉ ልጆቻቸውን ከአጥር ሳያወጡ ያኖራሉ። ልጆቹ «ባሕር» ማለት የቆዳ ወንበር ነው ተብለው በካሴት ይማራሉ። በሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላንም መጫወቻ ነው፤ እናት አሻንጉሊት ግቢ ውስጥ ትወረውርና «ወደቀ» ይባላል። የሚወጡት ክራንቻቸው ሲወልቅ ብቻ ነው!

ፊልም አፍቃሪ ወዳጆቼ ይህን የአውሮፓውያን እብደት ይሉታል። አልስማማም። ያንን ቤት አጥብቆ የዘጋው የቃላቱ ትርጉም ነው፤ ይህን ደግሞ እኛም አሳምረን እናውቅበታለን። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዚህ ክልል 45,000 አባወራዎችን በመንደር ለማሰባሰብ ሲታቀድ «በፈቃደኝነት» ተባለ። በ2012 የወጣው የሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገባ ውስጥ የተነሡት ሰዎች የሚናገሩት ግን ስለ ዛቻና ድብደባ ነው። አኙዋክ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ደን «ባዶ መሬት» ሆነ። ለሕንዱ ካሩቱሪ 100,000 ሄክታር ተከራየ፤ ኩባንያው እጅግ ጥቂቱን አርሶ ውሉ በ2015 ማብቂያ ተሰረዘ። መሬቱን «ባዶ» ካሉት ሹማምንት መካከል ግን ቃሉን መልሶ ያነሣ አንድ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።