የለገሐር ትምህርት

በእኛ በጎጃም ገጠር «ባቡር» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የእህል ወፍጮ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ቢኬድ ሐዲድ አይገኝምና። ስለዚህ አንዳንድ ጓደኞቼ «የአዲስ አበባው ለገሐር ለእኛ ምናችን ነው?» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም።

ዳግማዊ ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የለገሐር ሕንጻ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ስሙም «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

ይህን ያህል የተደከመበት መሥመር ግን ጥገና እያጣ፥ ዕቃውም እያረጀ ሄዶ ጣቢያው ባቡር የማይገባበት ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሌላ ሐዲድ የሚሄድ ስለ ሆነ ለገሐር አይደርስም።

እንግዲህ ለገሐር የሚያስተምረን መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በምርቃት ቀን ሁላችንም እልል እንላለን፤ ጥገናን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የመንደራችን ወፍጮ እንኳ ድንጋዩ በጊዜው ካልተወቀረ ዱቄቱን ያሻክራል።

ስለዚህ አሮጌው ጣቢያ ሳይፈርስ ተጠብቆ ለልጆች ታሪክ የሚነገርበት ቤት ቢሆን መልካም ነው እላለሁ። እኛም ተማሪዎች የተሰበረ ወንበር ስናይ «የመንግሥት ነው» ብለን አንለፍ። ሐዲድ አንድ ቀን ወደ ጎጃም ቢመጣ፥ ያለውን መጠበቅ የለመደ ሕዝብ ይቀበለው።