የተማሪው ጀርባና የተማሪ ቤቱ አግዳሚ

ስለ ወጣቶች ጤና በተነሣ ቍጥር በመጀመሪያ የሚታሰበው ክትባት፣ ወባና ንጹሕ ውሃ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጎረምሳውና ኮረዳዪቱ በየቀኑ አምስትና ስድስት ሰዓት የሚቀመጡበት አግዳሚ ከጤና ጉዳይ ሳይቈጠር ቀርቷል። የጎበጠ ልጅ በታየ ጊዜም «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ!» የሚለው ተግሣጽ ብቻ እንደ መድኃኒት ተይዟል።

ተግሣጹ ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይሠራም። በጕርምስና ዕድሜ አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ 8 ወይም 9 ሳንቲሜትር ሊያድግ ይችላል፤ በዚህም ዕድገት ሴቶቹ ወንዶቹን ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ስለዚህ በአንዱ ክፍል ውስጥ የአንዱ እግር መሬት ሳይነካ ሲንጠለጠል፣ ሌላው ጉልበቱን ከጠረጴዛው ሥር የሚያኖርበት ያጣል። ለሁለቱም አንድ ልክ አግዳሚ ማዘዝ ለሻለቃው ጦር በሙሉ አንድ ቍጥር ጫማ እንደ ማደል ነው። አውሮጳውያን በዘመን አቈጣጠራቸው በ2006 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ የተማሪን ወንበርና ጠረጴዛ በቁመት ልክ በቍጥርና በቀለም ለይተዋል። ይህን ያህል ለመራቀቅ ባይቻል እንኳ ሦስት ልክ ብዙ ችግር ያቃልላል፤ እግር መሬት እንዲረግጥ፣ ጠረጴዛውም ከክርን ትይዩ እንዲውል ነው። አናጢው ሙያው ያው ነው፤ የሚለወጠው የእግሩ ቁመት ነው። የግዥ ሹሙ በጨረታው ወረቀት ላይ ከ«ብዛት» ቀጥሎ «ቁመት» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምን ያህል ያስቸግረዋል?

የቦርሳውም ነገር እንዲሁ ነው። ሕንድ በ2020 ዓ.ም. ባወጣችው መመሪያ የተማሪ ቦርሳ ከልጁ ክብደት ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ 40 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 4 ኪሎ ማለት ነው። የከበደ ቦርሳ አከርካሪን ለዘለዓለም ያጣምማል የሚባለው አልተረጋገጠም፤ ልጁን ማድከሙና ወደ ፊት ማጉበጡ ግን ለማንም የሚታይ ነው። ቦርሳ አስመጪ ነጋዴዎች ሰፊ ማንገቻ ያለውን፣ በሁለት ትከሻ የሚታዘለውን ቢመርጡ ገበያቸው አይጐድልባቸውም።

ከልማድ መጉበጥ ፈጽሞ የተለየ ሌላም ነገር አለ፤ ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ የሚሉት አከርካሪ ወደ ጎን የሚጠመምበት ሕመም ነው። ከመቶ ልጆች 2 ወይም 3 ያገኛል፤ በብዙዎቹም ላይ ምክንያቱ አይታወቅም። ይህን ቍጣም ወንበርም አያድነውም። ምልክቱን ለማየት ግን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም አዳምስ በ1865 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፣ ልጁን እግሮቹን አስገጥሞ ወደ ፊት ማስጎንበስና ከጀርባው አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ማለቱን መመልከት ነው። ጃፓን ምርመራውን ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሪ ቤቶች በሕግ አዝዛለች። በአሜሪካ ግን የመከላከያ ሕክምናን የሚመረምረው ጉባኤ በ2018 ዓ.ም. ጥቅሙን ለመፍረድ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ቢሆንም በ2013 ዓ.ም. በወጣ ጥናት የጀርባ ድጋፍ ከታጠቁት ልጆች ከመቶ 72ቱ፣ ካልታጠቁት ደግሞ 48ቱ ቀዶ ሕክምና ከሚያሠጋው ደረጃ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ጨርሰዋል። ድጋፉ የሚረዳው አጥንት ገና በማደግ ላይ ሳለ ስለ ሆነ፣ ሐኪም በሩቅ በሚገኝበት አገር በዓመት አንዲት ደቂቃ ለዚህ መስጠት የሚያስቈጭ አይደለም።

ኮረዶቹን ሴት መምህርት ወይም አስታማሚ ለብቻቸው ትመልከታቸው፤ የተጠረጠረውም ልጅ ስሙ በክፍል ፊት ሳይጠራ፣ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ የሚያሳስበው ደብዳቤ በቀጥታ ለወላጁ ይድረስ።