ሃያ ጊዜ ያነሰች ፔጆ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ፔጆ 404 በሰፈሩ ስታልፍ ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ በድምጿ ያውቃታል። ድሬ ያልኖራችሁም ብትሆኑ ከባቡር ጣቢያው ወርዳችሁ ወደ መጋላ ስታቀኑ፣ ወይም ሐረር ላይ ታክሲ ስትጠብቁ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። ያቺ የኋላ ጥጎቿ እንደ ክንፍ ሾል ያሉት፣ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ የተሸከመችው፣ ሰዉን ከነዘንቢሉ ጠቅጥቃ ጭና አሁንም ቦታ አለኝ የምትል የምትመስለው መኪና።

ዛሬ መንገዱን ባጃጅ ወርሶታል፤ ፔጆዎቹም ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። የአሥር ዓመቷ ልጄ በሰፈራችን ጥላ ሥር የቆመችውን አንዷን አይታ «አባዬ፣ ይሄ መኪና ለምን ጆሮ አለው?» ስትለኝ ቆሜ አየኋት። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ አልፌአለሁ፤ የኋላ መብራቷን ቅርጽ ሣል ብትሉኝ ግን አልችልም ነበር። በዚያው ቀን እሷን በትንሹ ልንሠራት ተስማማን። በዚህ ወር ለእናንተም የማቀርብላችሁ የቤተሰብ ሥራ ይኸው ነው፤ ካርቶን፣ ቆርኪ፣ ቀለምና የሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይበቃዋል።

ታክሲ ብቻ አይደለችም

ልጆቻችሁ «ለምን የፌራሪ አንሠራም?» ካሏችሁ መልስ አላችሁ። ፔጆ 404 በጣሊያናዊው የመኪና ንድፍ ቤት በፒኒንፋሪና ተነድፋ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበች የፈረንሳይ መኪና ናት። ለቤተሰብ የታሰበች ብትሆንም፣ ስሟን በዓለም ያስጠራው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር ነው። ይህ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ ሲሆን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ አቧራና ጭቃ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያስነዳ ነበር። 404 አራት ጊዜ አሸንፋበታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968። በመጀመሪያውና በመጨረሻው የነዷት ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ ነበሩ፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ከታንዛንያ የመጡት በርት ሻንክላንድና ክሪስ ሮዝዌል።

ለልጆች ስትነግሩ ዓይናቸውን የሚያፈጥጡት በዚህ ቁጥር ነው፦ በ1968ቱ ውድድር ከተነሡት 93 መኪኖች የመጨረሻውን መስመር ያለፉት 7 ብቻ ነበሩ። ከሰባቱም ፊት የነበረችው ይህች እናቶቻችንን ከገበያ ታመላልስ የነበረች መኪና ናት።

ለድሬም እንግዳ አልነበረችም። ከተማችን የተወለደችው የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። በምድር ባቡሩ ምክንያት ፈረንሳይኛ የሚናገር ሠራተኛ፣ ብረት የሚያቀልጥና የሚቀጠቅጥ ባለሙያ የሞላባት ከተማ ነበረች። እንዲህ ባለ ቦታ አሮጌ መኪና ቶሎ አይጣልም፤ ይጠገናል።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ሥራው የሚጀምረው ከካርቶኑ ሳይሆን ከመኪናዋ ነው። የሰፈራችን ፔጆ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሜትር ይዘን ስንቀርብ «አቦ፣ ልኳን ወስዳችሁ ልብስ ልታሰፉላት ነው?» ብለው ሳቁብን፤ ከዚያ ግን የሜትሩን አንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙልን።

ርዝመቷ 4 ሜትር ከ42፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ62፣ ከፍታዋ 1 ሜትር ከ45፣ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2 ሜትር ከ65። ይህን ሁሉ ለ20 አካፍሉ። 20ን የመረጥኩት ለልጆች ስለሚቀል ነው፤ እያንዳንዱ 5 ሳንቲ ሜትር አንድ ሜትር ማለት ይሆናል። እንግዲህ የእኛዋ ፔጆ 22.1 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ 8.1 ትሰፋለች፤ ከፍታዋ 7.25፣ በጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 13.25 ይሆናል። ልጄ የማካፈል ሒሳብን ያለ ጭቅጭቅ ስትሠራ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከጎኗ ፎቶ አንሡ። ስታነሡ ግን ራቅ ብላችሁ፣ ስልኩን በበሩ እጀታ ቁመት ይዛችሁ ይሁን። ከቀረባችሁ መሐሏ ያብጥና ልኩ ይበላሻል። ፎቶውን እያያችሁ በባለ ካሬ ደብተር ላይ የጎኗን ቅርጽ ሣሉ።

ቆርኪው ልክ ገባ

ሥዕሉን በጠንካራ ካርቶን ላይ ገልብጣችሁ ሁለት ጎን ቁረጡ። በመካከላቸው አራት አግዳሚ ካርቶን በኮላ አቁሙ፤ የመኪናዋ አጥንት እሱ ነው። ቆዳዋን ከቀጭን ካርቶን ሥሩት፤ የመድኃኒት ወይም የጥርስ ሳሙና ማሸጊያ ጥሩ ይታጠፋል። የኮፈኗን ጎበጥ ያለ ቅርጽ ለማግኘት ካርቶኑን በእርሳስ ላይ ጠቅልላችሁ ቀስ እያላችሁ አለዝቡት። ምላጭ የሚይዘው ትልቅ ሰው ነው፤ ልጁ ይለካል፣ ያሰምራል፣ ያጣብቃል።

ጎማው አስጨንቆን ነበር። የእውነተኛዋ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 64 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ20 ስናካፍለው 3.2 መጣ። ልጄ የለስላሳ ቆርኪ አንሥታ ማስመሪያው ላይ አስቀመጠችው። 3.2! ፋብሪካው ለእኛ ብሎ የሠራው መሰለን። አራት ቆርኪ፣ ከኋላቸው የተለጠፈ ክብ ካርቶን፣ ለአክሰል የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ የሚዞር ሽቦ፤ በቃ፣ ተንከባለለች።

መስኮቶቹ ከሃይላንድ ጠርሙስ ጠፍጣፋ ጎን ይወጣሉ። ፓራውልቷና የቸርኬ ክዳኗ የማስቲካ ብርማ ወረቀት ነው። ስፌቶቹን በቀጭን ስቱኮ ደፍናችሁ፣ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት። ጣታችሁን አሳልፉባት፤ ዓይን የሚያልፈውን እንከን ጣት ይይዘዋል።

ቀለምና ጥፋቴ

ድሬ ላይ ቀለም መቀባት የራሱ ሕግ አለው። የመጀመሪያውን ሽፋን በቀትር በስፕሬይ ነፋሁት። ቀለሙ ካርቶኑ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ እየደረቀ አሸዋ የተበተነበት መሰለ፤ በዚያ ላይ የነፋሱ አቧራ። እንደገና አሽቼ በማግሥቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ አቧራው እንዲተኛ ግቢውን ውኃ አርከፍክፌ ነፋሁት። አንድ ወፍራም ሳይሆን ሦስት ስስ ሽፋን፣ በየመሐሉም እስኪደርቅ መጠበቅ። ስፕሬይ ሁልጊዜ ደጅ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ይሁን፤ ትንንሾቹ ልጆች ራቅ ብለው ይዩ።

ይህ ቀላሉ ጥፋት ነው። ከባዱ ማታ መጣ። በሮቹን የቀባችው ልጄ ነበረች፤ በብሩሽ። በግራው በር ከእጀታው በታች ቀለሙ ወርዶ እንደ ዕንባ ደርቋል። እሷ ስትተኛ እኔ መብራት አብርቼ ዕንባውን ፋቅሁት፤ ጠርዙን አስተካክዬ እንደገና ቀባሁት። አሳምሬላታለሁ ብዬ ነበር።

ጠዋት አየችው። አልጮኸችም፤ «እንግዲያው አንተው ጨርሳት» ብላ ብሩሹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ፔጆዋ በአንድ በር ብቻ አምራ ቆመች። እናቷ «የማን መኪና ናት ታዲያ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

በአራተኛው ቀን የኋላ መብራቱን ልክ ረስተናል ብዬ ወደ አባባ ይዣት ሄድኩ፤ ሰበብ ነበር። እሳቸው የሠራነውን አገላብጠው አዩ። «በሯ በጣም ጸድቷል» አሉና ወደ እውነተኛዋ ወሰዱን። ከግራ በሯ እጀታ በታች ወፍራም ሰማያዊ የቀለም ዕንባ አለ። «ይሄን እኔ ነኝ የቀባሁት፣ በብሩሽ። ቀለሙን አወፈርኩት» አሉ። ልጄ በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ይቅርታ የጠየቅኋት እዚያው ነው፣ በሳቸው ፊት።

ቤት ስንመለስ በሩን እንደገና ቀባችው፤ ዕንባውም ተመልሶ ወረደ። እኔ የሳፋሪዋን አስመስዬ ጭቃ እረጭባታለሁ፣ በሯ ላይም የውድድር ቁጥር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። «እሷ የጭቃ መኪና አይደለችም፣ የአባባ መኪና ናት» አለችኝ። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ሆነች።

በዚህ ቅዳሜ

አዲስ አበባ ላላችሁ ሰማያዊና ነጭ ላዳ አለችላችሁ፤ እሷም እየጠፋች ነው። በሌላ ከተማ ያላችሁም የአያታችሁን ጭነት መኪና ወይም በልጅነት የተሳፈራችሁባትን አውቶቡስ ፈልጉ። ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ አስቡ፦ ሄዳችሁ የምትለኳት፣ ባለቤቷ ቆሞ የሚያወጋችሁ ትሁን። ሜትር፣ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ውጡ። ሲመሽ ደግሞ ብሩሹን ከልጃችሁ እጅ አትውሰዱ፤ እናንተ መብራት ያዙ።

የእኛዋ መደርደሪያ ላይ ብዙ አልቆየችም። ልጄ ወስዳ ለአባባ ሰጠቻቸው። አሁን በእውነተኛዋ ዳሽቦርድ ላይ ተጣብቃ፣ ወደ መጋላ ስትወርድና ስትወጣ ትውላለች።