ራጅ ያላየው እብጠት

ሰሞኑን እዚሁ ፍራንክፈርት ያለ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የ7 ዓመት ሴት ልጁ ቋንጃ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ራጅ ተነስታ «አጥንቷ ደህና ነው» ተብሏል። አያቷም ከጎንደር በስልክ «ወጌሻ ፈልጉና በቅቤ ትታሽ» ብለዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለቀጣዩ ቀጠሮ ለማስተርጎም አብሬያቸው ሄድኩ። (ልጅን ለገዛ ሕመሟ አስተርጓሚ ማድረጉን እባካችሁ እንተው!)

ውድ አንባብያን፣ ራጅ አጥንትን እንጂ ሥጋን በቅጡ አያሳይም። የአጥንቱ ደህና መሆን እብጠቱ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አየቻት። ውሃ የቋጠረ እብጠት በመስኮቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የልጅቷም እንዲሁ ነበር። ቤከር ሲስት ይሉታል። በልጆች ቋንጃ ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ያለ ቀዶ ጥገና ራሱ ይጠፋል።

ድፍን ሥጋ ወይም ደም የሚዘዋወርበት ቢሆን ኖሮ ግን ቀጣዩ ኤም አር አይ ነበር። ጨረር የለውም፤ ጩኸቱ ግን አያድርስ ነው፤ ትንንሾቹን አንዳንዴ በመድኃኒት ያስተኟቸዋል። እሱም ካልለየው ናሙና ይወሰዳል። ምክንያቱም ሲኖቪያል ሳርኮማ የሚባል ካንሰር አለ፤ ጉልበት አካባቢ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ሊያድግ፣ ላያምም ይችላል። ስለዚህ «አያማትም» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ የሚታሽ ጉልበትም ቀን ያባክናል።

ወዳጄ ማታውኑ ጎንደር ደወለ። አያት «ውሃ ነው» ሲባሉ «እንግዲያው ጠበል ትጠመቅ» አሉ። ትጠመቅ፤ ሐኪሟም ለክትትል ቀጥራታለች።