አልዛይመር በማንኪያ አይተላለፍም፤ የአፍ ንጽሕና ግን ቀልድ አይደለም



ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ የድምፅ መልእክት አለ። «አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ከባክቴሪያ እንደሚመጣ ተደረሰበት። በምራቅ ይተላለፋል። አሮጊት የምትጠብቁ ልጆች ከእነሱ የተረፈውን አትብሉ፣ በጠጡበት አትጠጡ» ይላል። እዚህ ዑረይጃ ካለነው የማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ውሏችንም አዳራችንም ከማማ ከቢራ ወይም ከባባ ጋር ነው። ስለዚህ መልእክቱ ልጆችን አስደንግጧል። አንዷ ሥራዋን ልትለቅ ተነስታለች። ሌላዋ ደግሞ በተቃራኒው «ባክቴሪያ ከሆነማ በአንቲባዮቲክ ይድናል» ብላ ከአገር ቤት ይዛ የመጣችውን አሞክሳሲሊን ለማማ ልትሰጥ አስባለች። የኔ ሐሳብ አጭር ነው። የመጀመሪያዋ ያለ ምክንያት እንጀራዋን ታጣለች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ሰው ልትጎዳና ራሷም ልትታሰር ትችላለች። ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

መልእክቱ ከምንም ተነስቶ የተፈጠረ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ስለ አንዲት የፍራንክፈርት ታማሚ ሲናገር በአንጎሏ ውስጥ ሁለት ነገር እንዳየ ገልጾ ነበር፤ በሴሎች መካከል የተጠራቀመ ጉድፍና በሴሎቹ ውስጥ የተቋጠረ ክር። ጉድፉ አሚሎይድ፣ ክሩ ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ለምን እንደሚጠራቀሙ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ባክቴሪያን የሚጠረጥሩትም ዝም ብለው አይደለም። ጨጓራን አስታውሱ። ሁላችንም «በርበሬ ነው፣ ንዴት ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ግን አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት ኤች ፓይሎሪ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የቂጥኝም ታሪክ አለ። በ1913 አሜሪካ ውስጥ ኖጉቺና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች አእምሯቸውን ስተው በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የቂጥኝን ተህዋስ አግኝተዋል። እና «አልዛይመርስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን የሚወራው ባክቴሪያ በድድ ውስጥ የሚኖር ነው፤ ስሙ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ይባላል። ድድን የሚያሳብጠውና የሚያደማው፣ ጥርስን የሚያነቃንቀው በሽታ ዋና ተዋናይ ነው። በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በአልዛይመር ከሞቱ ሰዎች በአብዛኞቹ አንጎል ውስጥ ይህ ባክቴሪያ የሚያመነጨውን መርዛማ ፕሮቲን አገኘሁ አለ። ባክቴሪያውን አይጦች አፍ ውስጥ ሲጨምሩትም አንጎላቸው ድረስ ዘልቆ አሚሎይዱን ጨመረው። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ያን ጊዜ ጮኸ። የድምፅ መልእክቱም ታሪኩን እዚያ ላይ አቁሞታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውንስ ማን ነገረን? ጥናቱን የመራው ኮርቴክዛይም የሚባል መድኃኒት ሠሪ ኩባንያ ነበር፤ ያንኑ ፕሮቲን የሚያግድ ክኒን ሠርቶ ከ600 በሚበልጡ ታማሚዎች ላይ ሞከረው። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ክኒኑ የታማሚዎቹን መዳከም በጠቅላላው አላዘገየም፤ ጉበት ላይም ችግር ታየ። በ2022 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሙከራውን አስቆመ። ከዚያ በፊትም በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ነበር። ከ400 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሲሆን ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ለዓመት የወሰዱት ከሌሎቹ የተሻለ ነገር አላገኙም። ስለዚህ «ተደረሰበት» የሚለው ቃል ውሸት ነው። ጥያቄው ገና አልተዘጋም፣ በአንቲባዮቲክ የዳነ አልዛይመር ግን የለም።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የሚረሳ ሰው ጥርሱን መቦረሽም ይረሳል። ብሩሹን ይዞ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ስታቦርሺው ይናከሳል፣ ይተፋል። ድዱ ቢታመም ምን ይገርማል? የድድ ሕመሙ መርሳትን አመጣ ወይስ መርሳቱ የድድ ሕመምን? ሐኪሞቹ ይህን ለመለየት ገና እየደከሙ ነው።

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። አልዛይመር በማጉረስ፣ በማጠብ፣ አብሮ በመተኛት ከታማሚ ወደ ጠባቂ አይተላለፍም። የድዱ ባክቴሪያ ራሱ የብዙ ጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ የሚኖር ነው፤ የኔም ያንቺም አፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ማንኪያ ለየብቻ ማድረግ ለጉንፋንም ለሌላም ጥሩ ነው፣ አድርጉት። አሮጊቷን ግን እንደ መርዝ አትሽሿት። በሽታው ብዙ ነገር ቀምቷታል፤ የሰው እጅም ከራቃት ምን ቀራት?

ይልቅ ባክቴሪያ በእርግጥ ጉዳት የሚያደርስበት ሌላ መንገድ አለ፤ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገውም እሱን ነው። በአንድ ቤት ስሠራ ማማ ከቢራ በሁለት ቀን ውስጥ ተለወጡብኝ። ሌሊት የሌለ ሰው ያያሉ፣ እኔን «ሌባ» ይላሉ፣ ቀን ደግሞ ምግብ አፋቸው ውስጥ እያለ ያንቀላፋሉ። የቤቱ ሰው መጀመሪያ «በሽታው ባሰባት» አለ፣ ቀጥሎ «ሸገላዋ ምን አድርጋት ነው?» ተባለ። ሽንታቸው ጥቂትና የሚሸት መሆኑን ደጋግሜ ስናገር በስንት መከራ ሙስተሽፋ ተወሰዱ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን በጀመሩ በአራተኛው ቀን «ቡናዬስ?» አሉኝ። አልዛይመሩ አልለቀቃቸውም፤ ያ ድንገተኛ መደናበር ግን ለቀቃቸው።

ልዩነቱን እንወቅ። አልዛይመር በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰው ከተለወጠ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። ሽንት፣ ሳንባ፣ የአልጋ ቁስል፣ ድርቀት፣ አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ሰው ኢንፌክሽን ይዞትም ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ «አላተኮሳትም» ተብሎ አይታለፍ። በሪያድ ሙቀት ውኃ አለመጠጣት ብቻውን ሰውን ያደናብራል። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» በሉ፣ የጀመረበትን ሰዓት ተናገሩ፣ መልእክት ጽፋችሁም ላኩ። 937 የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ ነው። ራስን መሳት ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ደግሞ 997፣ ቀይ ጨረቃ።

ሁለተኛው አፍ ነው። የድድ ነገር ከአልዛይመር ጋር ይያያዝም አይያያዝ፣ የቆሸሸ አፍ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ምራቅና ፍርፋሪ በተሳሳተ መንገድ ሲወርድ ባክቴሪያውንም ይዞ ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ በ11 የአረጋውያን መኖሪያዎች የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የሳንባ ምች የያዛቸው አፋቸው በየጊዜው ከተጸዳላቸው ከመቶ 11፣ ካልተጸዳላቸው ከመቶ 19 ነበሩ።

እንዴት እናድርገው? ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ታች ይሁን። ለስላሳና ትንሽ ብሩሽ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ሳሙና ይበቃል። ጓንት አድርጉ፣ ጣታችሁን በጥርሳቸው መካከል አትክተቱ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ አውጥታችሁ አጥባችሁ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። እምቢ ካሉ አትታገሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ አፍ መጉመጥመጥ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ያ አይጠፋም። ያንን ሰዓት ጠብቃችሁ ብሩሹን አቅርቡ። ሚስዋክም ቢሆን እጃቸው ያውቀዋል። ድዱ ከደማ፣ ካበጠ፣ ወይም ምግብ እምቢ ካሉ ለልጆቻቸው «የጥርስ ሐኪም ይያቸው» በሉ።

አንቲባዮቲክን ግን በራሳችሁ አትስጡ። ሳዑዲ ከ2018 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ በጥብቅ ትቆጣጠራለች። አለርጂ ሊገድል ይችላል፣ ከሌላ መድኃኒታቸው ጋር ሊጋጭ ይችላል። የሆነ ነገር ቢከሰት ደግሞ ጣቱ ወደ ማን እንደሚጠቆም ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሌሊት ሦስቴ መነሳት፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ከበር እንዳይወጡ መጠበቅ የማስታመም ሥራ ነው። ወጥ ቤቱና ልጆቹም ሲጨመሩ የሦስት ሰው ሥራ ይሆናል። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራና በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይላል። እንቅልፍ ያጣች ልጅ ያንን ድንገተኛ ለውጥ በምን ዓይኗ ታየዋለች? ዕረፍታችንን ስንጠይቅ ለአሮጊቷም ነው የምንጠይቀው፤ ለማዳም በዚህ መንገድ ብታስረዷት አንዳንዴ ይገባታል።

የራሳችንንም አፍ አንርሳ። ጥርሷን አሟት በፓናዶል ዓመት የምትገፋ ስንት ናት? አገር ቤት ላሉ እናት አባቶቻችንም ገንዘብ ስንልክ ደም ግፊትና ስኳር ይለኩ እንበል። በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የሊቃውንት ሪፖርት 14 ነገሮችን ብንከላከል ከመርሳት በሽታ ግማሽ ሊጠጋ የሚችለውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ መድከም፣ የዓይን መድከም፣ ብቸኝነት ከውስጡ አሉ። የድድ ባክቴሪያ ገና እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። «ጃጅታለች» ብለን የተውናት እናታችን ምናልባት መነጽር ወይም የግፊት ክኒን ነው የጎደላት።

ስለዚህ ያንን የድምፅ መልእክት ለሌላ አታስተላልፉት። ለሚመጣው ስብሰባችን አንዳንድ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ኑ፤ የሰው ጥርስ እንዴት እንደሚቦረሽ እርስ በርስ እንለማመዳለን። ዕረፍት ያልተሰጣት እህት ካለች በስልክ እናሳያታለን።

ከማኅበሩ አባል፣ ዑረይጃ